ማኒፎልዱን በፋሻ ልጠቅልለው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የጭስ ማኒፎልዱ (ከሞተሩ የሚወጣውን ጭስ ሰብስቦ ወደ ጭስ ማውጫው የሚያስተላልፈው ክፍል) አጠገብ የሚያልፈው የሽቦ ልባስ ቀለጠ። ማኒፎልዱ የጊዛ (ካስት አይረን) ነው። ሙቀት መከላከያ ፋሻ ብጠቀልልበት ይፈታልኛል?

መልስ፦ ፋሻውን ለጊዜው ይተዉት። መጀመሪያ ከፋብሪካ አብሮ የመጣው የላሜራ መከላከያ በቦታው መኖሩን ይመልከቱ። ብሎኖቹ በሙቀት ዝገው ስለሚቀነጠሱ፣ ማኒፎልድ ሲፈታ ላሜራው ሳይመለስ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ቀጥሎ ጓርኒሲዮኑን (ማኒፎልዱና ሞተሩ በሚገናኙበት መካከል ያለውን ማሸጊያ) ይፈትሹ። ሞተሩ በቀዝቃዛው ሲነሳ «ጥ ጥ ጥ» የሚል ድምፅ ከተሰማና በፍላንጁ (ማኒፎልዱ ከሞተሩ ጋር በብሎን በሚታሰርበት ጠፍጣፋ ጠርዝ) ዙሪያ ጥላሸት ከታየ ጭስ እየሾለከ ነው። በቀጥታ የሚነፍሰው የጋለ ጭስ ብቻውን ሽቦ ለማቅለጥ ይበቃል፤ ይህን ሳይዘጉ የሚሠራ መከላከያ ሁሉ ከንቱ ድካም ነው።

ሁለቱም ደህና ከሆኑ ችግሩ ጨረር ነው። የጋለ ብረት የሚለቀው ጨረር ከትኩሳቱ ጋር እኩል አያድግም፤ እጅግ ፈጥኖ ይጨምራል። 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የጋለ ገጽ 300 ዲግሪ ካለው ከአምስት እጥፍ በላይ ይለቃል። ስለዚህ በመካከል የሚቆም አንጸባራቂ ላሜራ ብዙ ይረዳል። ከ0.8 እስከ 1 ሚሊ ሜትር የሆነ ስቴንለስ ላሜራ ይቁረጡ፤ ከማኒፎልዱ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር አርቀው ያስሩት። ያ ክፍተት ዋናው መከላከያ ነው፦ አየር ያልፍበታል፣ ላሜራውም ብረቱን ነክቶ አይግልም። የብሎን ቀዳዳዎቹን ሞላላ አድርገው በሰፊ ሮንዴላ ይያዙ፤ ክብ ቀዳዳ ብረቱ ሲለጠጥ ላሜራውን ይሰነጥቀዋል። ንጹሕ አሉሚኒየም 660 ዲግሪ ላይ ስለሚቀልጥ ለዚህ ቅርበት አይሆንም። ሽቦውንም የተቻለዎትን ያህል ያርቁት።

የጊዛ ማኒፎልድ ቅርጹ ጎርባጣ ስለሆነ ፋሻ አጥብቆ አይቀመጥበትም። ሙቀቱ ውስጡ ሲታፈን ደግሞ የመሰንጠቅ አደጋው ይጨምራል።

ጥያቄ፦ የእኔ ማኒፎልድ አራት የስቴንለስ ቱቦዎች ያሉት ነው። እያንዳንዱ 50 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፣ የውጭ ዲያሜትሩ 45 ሚሊ ሜትር ነው። ስንት ሜትር ፋሻ ልግዛ? እንዴትስ ይጠቀለላል?

መልስ፦ በ50 ሚሊ ሜትር ፋሻ ላይ 6 ሚሊ ሜትር ቢደራረብ፣ አንድ ዙር ቱቦውን 44 ሚሊ ሜትር ይሸፍናል። ለ50 ሳንቲ ሜትር ከ11 ዙር ትንሽ ይበልጣል። ዙሩ በሰያፍ ሲሄድ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ፋሻ ይበላል፤ ለአንድ ቱቦ ወደ 1.7 ሜትር፣ ለአራቱ 6.8 ሜትር መሆኑ ነው። ለጥምዝና ለጫፍ ጨምረው 8 ሜትር ይያዙ። ጠባብ ጥምዝ ላይ 25 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ይሻላል፤ ሰፊው ይጨማደድና ከሥሩ አየር ይይዛል። ማሸጊያው ላይ የሚያዩት ቁጥር ፋሻው ለቅጽበት የሚችለው ሳይሆን ያለማቋረጥ የሚችለው ሙቀት መሆኑን ያረጋግጡ።

ማኒፎልዱን ፈትተው ዘይቱን ያጽዱ፣ ዝገት ካለ በሽቦ ብሩሽ ያስወግዱ፣ ስንጥቅ ካለ አሁኑኑ ያስበይዱ። ፋሻው የሚያሳክክ ብናኝ ስላለው ጓንት፣ ጭንብል፣ መነጽርና ረጅም እጅጌ ያድርጉ። አምራቹ ይርጠብ ካለ አርጥበው፣ ካላለ በደረቁ ይጠቅልሉ። ከቱቦው ታችኛ ጫፍ ተነሥተው ወደ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ይውጡ፤ ያኔ መደራረቡ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ውኃን ወደ ውጭ ያፈሳል። ሳያላሉ እየሳቡ ይሂዱ፤ ሁለቱንም ጫፎች በስቴንለስ ማሰሪያ ያጥብቁ። የኦክስጅን ሴንሰሩን (በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካውን መሣሪያ) እና የፍላንጅ ዳዶዎችን አይሸፍኑ።

ስቴንለስ ቱቦ 600 ዲግሪ ያህል ሲግል በዚህ ርዝመት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይለጠጣል። ስለዚህ ከጥቂት የመጋልና የመቀዝቀዝ ዙር በኋላ ማሰሪያዎቹንም ዳዶዎቹንም፣ ሞተሩ በርዶ እያለ፣ ደግመው ያጥብቁ።

አንድ ነገር ሳንደብቅ እንንገርዎ፦ ፋሻ ሙቀቱን አያጠፋም፣ ብረቱና ጭሱ ውስጥ ያቆየዋል። ተራ የብረት ቱቦ በዚህ ምክንያት ቅርፊት እያወጣ ይሳሳል፤ ፋሻው የያዘው እርጥበት ሲጨመር ደግሞ ይበሰብሳል። ተራ ብረት ላለው ሰው የሴራሚክ ቅብ እንመክራለን። ውኃ አይዝም፣ ስንጥቅ ቢፈጠርም በዓይን ይታያል።

ጥያቄ፦ ከጠቀለልኩት በኋላ ጨሰ። ልፍታው?

መልስ፦ በመጀመሪያዎቹ የሥራ ደቂቃዎች ፋሻው ውስጥ ያለው ማጣበቂያ እየተቃጠለ ይጨሳል፤ መኪናውን ከቤት ውጭ አቁመው ይታገሡት። ከጥቂት ጉዞዎች በኋላ ካላቆመ ግን ዘይት ፋሻው ላይ እየተንጠባጠበ ሊሆን ይችላል። ዘይት የጠጣ ፋሻ ይቀጣጠላል። ሞተሩን ያጥፉ፣ ፍሳሹን ያስዘጉ፣ ፋሻውን በአዲስ ይተኩ፤ አጥቦ መመለስ አይቻልም።

ጥያቄ፦ ቱርቦውንስ (በጭሱ ኃይል እየዞረ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋውን) ልሸፍነው?

መልስ፦ ጭስ የሚገባበትን የተርባይን ቤት ብቻ፣ ለዚያ ተብሎ በተሠራ ሽፋን። ኩሽኔታው ያለበትን መካከለኛ ክፍል ግን ክፍት ይተዉት፤ እዚያ ሙቀት ከታፈነ ዘይቱ ከስሎ የዘይት መንገዱን ይደፍናል።