የአሮጌ ፓጄሮ ፊት ምን ያህል ከፍ ሊል ይችላል?

አራት ኪሎ አካባቢ የሚኖሩ አንድ አንባቢ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ የተሠራ ባለ ናፍጣ ፓጄሮ እንዳላቸው፣ ከባድ የብረት ፓራውልት ካስገጠሙ ወዲህ የመኪናው ፊት ዝቅ እንዳለና በየመንገዱ ባሉት የፍጥነት መቀነሻዎች ላይ ሆዱ እንደሚነካ ጽፈውልናል። አንድ መካኒክ የቶርሽን ባሩን ቡሎን እስከ መጨረሻው አጥብቆ ፊቱን በ8 ሴንቲሜትር ሊያነሣላቸው እንደሚችል ነግሯቸው፣ ይህን ማስደረጉ ይጎዳ እንደሆነ ይጠይቃሉ።

አዎ፣ ይጎዳል። ፊቱን ወደ ቀድሞ ቁመቱ መመለስ ተገቢ ሥራ ነው፤ ካስፈለገም ከዚያ በላይ 2 ወይም ቢበዛ 3 ሴንቲሜትር መጨመር ይቻላል። 8 ሴንቲሜትር ግን በቡሎን ብቻ የሚገኝ ቁመት አይደለም፤ ቢገኝም ዋጋውን የሚከፍሉት ሌሎች ክፍሎች ናቸው።

በእርስዎ መኪና የፊት እግር ላይ ሞላ የለም። የሞላውን ሥራ የሚሠራው ቶርሽን ባር የሚባለው፣ በሻንሲው ርዝመት የተዘረጋ የብረት ዘንግ ነው፤ አንዱ ጫፉ ከጎማው አርም (ጎማውን ከሚይዘው ክንድ) ጋር፣ ሌላው ጫፉ በማስተካከያው ቡሎን በኩል ከሻንሲው ጋር ይያያዛል። ጎማው ወደ ላይ ሲወጣ ዘንጉ፣ ሁለት ሰዎች ይዘው እንደሚጠመዝዙት የታጠበ ጋቢ፣ ይጠመዘዛል፤ ከዚያ ተመልሶ ይፈታል። ብዙ ሰው ቡሎኑ ሲጠብቅ ዘንጉ የሚጠነክር ይመስለዋል፤ እንደዚያ አይደለም። መኪናው በእግሩ ቆሞ ሳለ ዘንጉ የሚሸከመው ክብደት ያው የቀድሞው ስለሆነ፣ የሚጠመዘዝበትም መጠን ያው ነው ማለት ይቻላል። ቡሎኑ የሚለውጠው አርሙ የሚያርፍበትን ከፍታ ብቻ ነው።

ታዲያ ፊቱ ከልክ በላይ የተነሣ መኪና አካሄዱ ለምን ይደርቃል? ጎማ ጉብታ ሲያገኝ ወደ ላይ እንደሚወጣ ሁሉ፣ ጉድጓድ ሲያገኝ ወደ ታች መውረድ አለበት። ፊቱ በተነሣ ቁጥር አርሙ አስቀድሞ ወደ ታች ስለሚያዘነብል፣ ለመውረድ የቀረለት ርቀት ያንሳል። ብዙ ሲነሣ አርሙ ከላስቲክ ማቆሚያው ጋር ሊነካካ ምንም አይቀረው፤ ትንሽ ጉድጓድ ባጋጠመ ቁጥር ብረቱ ማቆሚያውን ይመታል፣ መሪው ድረስም ይሰማል። ሾክ አብዞርበሩም በመጨረሻው ርዝመቱ ላይ ተወጥሮ ስለሚሠራ ቶሎ ያፈሳል። ከሁሉም በላይ የምፈራው ለሲቪ ጆይንቱ (ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ ለሚተጣጠፍበት መገናኛ) ነው፤ ከዲፍረንሻሉ ወደ ጎማው የሚሄደው ዘንግ ሹል ማዕዘን ይዞ ሲዞር የመገናኛው የላስቲክ ሽፋን ይተሻሻል፣ ይቀደዳል፣ ግሪሱ ይፈስና አሸዋ ይገባል። አርሙን ከጎማው ጋር የሚያያይዘው የቦል ጆይንቱም ዕድሜ እንዲሁ ያጥራል።

ቡሎኑን ከመንካትዎ በፊት ያስለኩ። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁመው፣ የጎማውን ነፋስ አስተካክለው፣ ትንሽ ወደፊትና ወደኋላ ነድተው እንዲያርፍ ካደረጉ በኋላ፣ ከሞዞው (ጎማው ከሚታሰርበት ማዕከል) መሐል እስከ ፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ እስካለው የአካል ክፍል) ጠርዝ ያለውን ርቀት በአራቱም ጎማዎች ላይ ይለኩና ይጻፉት። ከመሬት አይለኩ፤ የጎማው ነፋስና ዕድሜ ልኩን ያዛባል። አንዱ የፊት ጎን ብቻ ዝቅ ብሎ ካገኙት በዚያው ጎን ያለውን የኋላ ሞላም ይመልከቱ፤ ችግሩ ከዚያ ሊመጣ ይችላልና። የአርሙ ቡሾች (አርሙ የሚንቀሳቀስባቸው የላስቲክ ማረፊያዎች) እና ቦል ጆይንቶቹ ያለቁ ከሆነም መጀመሪያ እነርሱ ይቀየሩ።

ሥራው ሲጀመር ክሪኩ ከሻንሲው ሥር ገብቶ ሁለቱም የፊት ጎማዎች ከመሬት ይለቁ፣ ሻንሲውም በብረት ካቫሌቶ ላይ ይረፍ። ክብደቱ ሳይነሣለት ቡሎን የሚያዞር መካኒክ የቡሎኑን ጥርስ ይበላዋል። ከዳዶው ውጭ የሚታየው የቡሎኑ ርዝመት አስቀድሞ ተለክቶ ይጻፍ፤ ጥርሱ በብሩሽ ተጠርጎ ዘይት ይቀባ። ከዚያ በጥቂት በጥቂቱ እያጠበቁ፣ መኪናውን አውርደው፣ ነድተው፣ እንደገና መለካት ነው። ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ስለሆነ በችኮላ የሚሠራን ሰው አይመኑ። ቡሎኑ ሙሉ በሙሉ እንዳይፈታ አደራ እላለሁ፤ በዘንጉ ውስጥ የታመቀው ኃይል ሰው ሊጎዳ ይችላል።

ዝቅታውን ያመጣው የፓራውልቱ ክብደት ከሆነና መኪናው ብዙ ጊዜ ከከተማ የማይወጣ ከሆነ፣ የኔ ምርጫ ፓራውልቱን ማውለቅ ነው። እንዲቀር ከፈለጉ ግን ትክክለኛው መፍትሔ ወፍራም ቶርሽን ባር ነው፤ ጥንካሬው ከውፍረቱ አራተኛ ርቢ ጋር ስለሚያድግ፣ ውፍረቱ በ10 በመቶ ቢጨምር ጥንካሬው በ46 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ሱማሌ ተራ ያገለገለ ሲገዙ ጫፉ ላይ ያለውን የግራና የቀኝ ምልክት አይተው ይግዙ። ዘንጉ ሲመረት ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲጠመዘዝ ተደርጎ ስለሚዘጋጅ ግራውን በቀኝ መግጠም አይቻልም፤ ላዩ የተቦረቦረ ወይም የተጫረ ከሆነም ከዚያ ቦታ ሊሰነጠቅ ስለሚችል ይተዉት።

ፊቱ ባሌስትራ (ተደራርበው የታሰሩ የብረት ቅጠሎች) የሆነ እንደ 75ቱ ላንድክሩዘር ያለ መኪና ያላቸው ሰዎች ይህ ምክር አይመለከታቸውም። እነርሱ ባሌስትራውን ራሱን ያስቀይሩ እንጂ በፊት አክስልና በባሌስትራው መካከል ብረት አያስገቡ፤ ፍሬን ሲያዝ አደገኛ ነው።

ከፍታው ከተስተካከለ በኋላ በዚያው ቀን አላይመንት ያሠሩ፤ ቁመቱ ሲለወጥ የጎማው ማዕዘን ስለሚለወጥ፣ ይህ ካልተደረገ አዲስ ጎማ በአንድ ጠርዙ ሊበላ ይችላል። የፊት መብራቱም ወደ ላይ ስለሚያበራ ዝቅ ይደረግ፤ መሪው እስከ መጨረሻው ዞሮ የፍሬኑ ጎማ ቧንቧ እንዳልተወጠረ ይታይ። ከ500 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ ያንኑ አራት ልክ ደግመው ይለኩ፤ በሁለቱ ጎኖች መካከል ከአንድ ሴንቲሜትር ያለፈ ልዩነት ካገኙ ቡሎኑን በጥቂቱ አስተካክለው አላይመንቱን እንደገና ያሳዩ።