ማቀዝቀዣው በዱቤ ወይስ በእቁብ?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጎጆ ከወጣን ገና ወራችን ነው። 40,000 ብር የሚሸጠውን ማቀዝቀዣ አንድ ሱቅ በየወሩ 4,500 ብር ለ12 ወር ክፈሉና ውሰዱ ብሎናል። ባለቤቴ እንውሰደው ትላለች። እርስዎስ?

መልስ፦ ልጄ፣ 4,500ን በ12 ብታባዛው 54,000 ብር ነው። 14,000ው ስሙን ቀይሮ የመጣ ወለድ ነው። ያንን መክፈል ከቻልክ ከሥራ ባልደረቦችህ ጋር 10 ሆናችሁ በወር 4,000 ብር እቁብ ጣሉ፤ ዕጣ የወጣለት 40,000ውን ያለ አንዳች ጭማሪ ያነሳል። ከቸኮልክ ዕጣው ቀድሞ እንዲሰጥህ የእቁቡን ዳኛ አስቀድመህ ለምነው፤ ዋስ ካለህ ብዙ ጊዜ እሺ ይባላል። አባላቱ ግን የምታውቃቸው ይሁኑ፤ ዕጣውን በልቶ የሚጠፋ አይታጣም።

ያገለገለም አትናቅ። ከአገር የሚወጣ ቤተሰብ ዕቃውን ሲሸጥ ማቀዝቀዣውን አሰክተህ ሞተሩ ሲነሳና ሲያርፍ አዳምጥ። ወረቀት በሩ ላይ አጣብቀህ ሳበው፤ ያለ ትግል ሾልኮ ከወጣ ላስቲኩ አልቋል፤ ዋጋ አስቀንስ። አጋድመህ ካመጣኸው ደግሞ ጥቂት ሰዓታት ቆሞ ሳይረጋ አትሰካው።

ለከሰል ምድጃ መርካቶ ያለውን ምናለሽ ተራን ሳታይ አዲስ አትግዛ። ስትሄድ ባለቤትህን አስከትል፤ ዋጋ መከራከር ላይ እናንተ ወንዶች ቶሎ ትረታላችሁ።