የክሪኖይድ ግንድ ወይስ የክሪኖይድ አገዳ?

አንዲት የጂኦሎጂ ተማሪ እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦ «እንግሊዝ አገር ደርቢሻየር ስላለው የኖራ ድንጋይ የተጻፈ ነገር እየተረጎምኩ ነው፣ የክሪኖይዶቹን ቅሪት ግንድ ልበለው ወይስ አገዳ?»

አገዳ በይው ልጄ። ግንድ ያለቦታው ሲገባ ሳይ ያንገበግበኛል፣ ክሪኖይድ እኮ ዛፍ አይደለም፣ የባሕር ኮከብ ዘመድ የሆነ እንስሳ ነው። ግንድ ደሞ ከግዕዙ ጕንድ የመጣ የዛፍ ቃል ነው፣ ግንደ ቆርቁር የምንላት ወፍም የምትቆረቁረው እሱኑ ነው። «የዘር ግንድ እንል የለ እንዴ፣ ቃሉ ሰፍቷል» የሚሉ አሉ፣ እውነት ነው፣ ግን የዘር ግንድን ማንም ድንጋይ ላይ በዓይኑ አይፈልገውም፣ አንቺ ግን ይሄን መፈለግ አለብሽ። አገዳ የበቆሎም ነው የእግርም ነው፣ አገዳዬን ተመታሁ ስንል አጥንቱን ማለታችን ነው፣ ስለዚ ተክል ለሚመስል እንስሳ ከዚህ የተሻለ ቃል ከየት ይመጣል?

ደሞ አገዳ ካልሽ አንጓ አብሮ ይመጣልሻል፣ ዋናው ነገር ያ ነው። የክሪኖይድ አገዳ በላይ በላዩ ከተደረደሩ ትናንሽ የካልሳይት (የኖራ ድንጋይ ማዕድን) አንጓዎች የተሠራ ነው፣ እንስሳው ሲሞት አያይዟቸው የነበረው ጅማት ይበሰብስና ይበታተናሉ፣ ስለዚ ድንጋዩ ውስጥ ብዙ ጊዜ የምታገኚው ሙሉ አገዳ ሳይሆን መሀሉ ቀዳዳ የሆነ አንድ አንጓ ነው። ሰሜን እንግሊዝ፣ ሊንዲስፋርን ደሴት ላይ እሱን ለቅመው እንደ መቁጠሪያ በክር ይሰኩት ነበር፣ በደሴቱ የጥንት ጳጳስ ስም የቅዱስ ከትበርት ዶቃ ይሉታል። የድንጋዩን ንብርብር ለመለየትም የሚታየው የአንጓው ቅርጽ ነው፦ 330 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ባለው በደርቢሻየሩ የካርቦኒፈረስ ዘመን ድንጋይ ውስጥ ክቡ ይበዛል፣ በደቡብ ጠረፍ፣ «ላይም ሪጂስ» በምትባለው ከተማ አካባቢ ባለው፣ ከዚያ በኋላ በመጣው በጁራሲክ ዘመን ንብርብር ግን ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ የሚመስለው ይገኛል። አንድ አንጓ ብቻውን ዕድሜ አይቆርጥም፣ ከሌሎቹ ቅሪቶች ጋር ነው የሚታየው፣ እንግሊዛዊው ጂኦሎጂስት ዊልያም ስሚዝም እ.ኤ.አ. በ1815 ያሳተመውን የጂኦሎጂ ካርታ ሲሠራ ንብርብሮቹን የለየው በያዙት ቅሪት እየተመራ ነው።

ክሪኖይድ የሚለው ራሱ ክሪኖን ከሚለው የግሪክ ቃል ነው፣ ሊሊ የሚሉት አበባ ነው፣ በግዕዝ ጽጌ ደንጎላት የሚባለው። «የባሕር ደንጎላት» ብንለው እንዴት ያምር ነበር፣ ለኔ ጆሮ ከዚህ የሚበልጥ የለም። ግን ደንጎላትን ዛሬ ከቤተክህነት ሰው ውጪ ስንቱ ያውቀዋል፣ አንቺም ክሪኖይድ ብለሽ ነው የጠየቅሽኝ፣ እኔም ሳላስበው ክሪኖይድ እያልኩ እዚህ ደረስኩ፣ እሺ እሱ ይቆይ። አገዳውን ግን አልለቅም፣ «የክሪኖይድ አገዳ አንጓ» ብለሽ ጻፊው።