የሶላር መብራቱ የጉምሩክ ታሪፍ ኮድ 85.41 ነው ወይስ 94.05?

ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ከቻይና የምታስመጣው የመንገድ ሶላር መብራት ነው፤ የፀሐይ ሰሌዳው (ፓነሉ)፣ ባትሪውና ኤልኢዲው አንድ ላይ ተገጥመው ይመጣሉ። አንዱ ትራንዚተር (የጉምሩክ ሰነድ አስፈጻሚ) 85.41 ሲልህ ሌላው 94.05 አለህ። እኔ 94.05 ነው የምልህ።

85.41 ውስጥ የሚገባው ሰሌዳው ብቻውን ሲመጣ ነው። ያንተ ዕቃ ግን ሥራው ማብራት ነው። ሰሌዳው ያንን መብራት ብቻ ነው የሚመግበው። እንዲያውም በ2022 (እ.ኤ.አ.) በወጣው የታሪፍ ኮዱ ዓለም አቀፍ እትም፣ 94.05 ሥር በፀሐይ ኃይል ለሚሠሩ የኤልኢዲ መብራቶች ራሱን የቻለ ንዑስ ቁጥር ተሰጥቷል። ኢንቮይሱ ላይ "ሶላር ፓነል" ተብሎ ስለተጻፈ ዕቃው ፓነል አይሆንም።

ይህን የተማርኩት ከስሬ ነው። ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ የምሸጠውን ጫማ ሳስመጣ ላኪው "ፒዩ ሌዘር" (ሰው ሠራሽ ቆዳ) ብሎ ጻፈልኝ። ገበያው ሁሉ ሌዘር ነው የሚለው፣ እኔም ሌዘር ብዬ በ64.03፣ በቆዳ ጫማ ኮድ፣ ዲክላራሲዮን (የጉምሩክ መግለጫ) አስሞላሁ። ፈታሹ አንዱን ጫማ አንስቶ ጠርዙን ገለጥ አደረገና አሳየኝ፦ ከላይ ስስ ፕላስቲክ፣ ከሥሩ ጨርቅ። ለካ የታሪፍ መጽሐፉ የምዕራፍ 64 ማስታወሻ ይህን ቁልጭ አድርጎ ጽፎታል። ላዩ በዓይን የሚታይ የፕላስቲክ ሽፋን ያለው ጨርቅ፣ ለጫማ ሲሆን እንደ ፕላስቲክ ይቆጠራል። ሶሉም ጎማ ስለነበር ቦታው 64.02 ነበር። እስከዚያ ጉምሩክ ዋጋውን ከቆዳ ጫማ ዋጋ ጋር ሲያነጻጽር ከርሟል። ሰነዱ እስኪስተካከል የመጋዘን ኪራይ ሲቆጥርብኝ፣ የበዓል ገበያው አለፈኝ። እውነቱን ለመናገር ፈታሹ ልክ ነበር። ማስታወሻውን ያላነበብኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ገንዘብ ከመላኬ በፊት ላኪውን እጠይቃለሁ። የላዩ አካል ከምንድነው? ሶሉስ? ልብስ ከሆነ ጨርቁ እንደ ሹራብ የተሠራ ነው ወይስ በሽመና የተሠራ (ሽምን)? ምክንያቱም ሹራቡ ምዕራፍ 61፣ ሽምኑ 62 ነው የሚገባው። ናሙና ካለ ደግሞ በእጄ እነካዋለሁ።

የላኪውን ረጅም ኮድ እንዳለ አትገልብጥ። ለሁሉም አገር የጋራ የሆኑት የመጀመሪያዎቹ 6 አሃዞች ብቻ ናቸው። ከዚያ ቀጥሎ ያሉትን ከእኛ የታሪፍ መጽሐፍ ፈልግ። የምዕራፉን ማስታወሻ ሳታነብ የቁጥሮቹ ዝርዝር ውስጥ አትግባ። ብዙ ሰው ትራንዚተሩ ያውቃል ብሎ ይተወዋል፤ ግን ትራንዚተሩ የሚሞላው አንተ የሰጠኸውን ወረቀት አይቶ ነው።

አሁንም ጥርጣሬ ካለህ፣ ዕቃው ከመምጣቱ በፊት ጉምሩክ ምደባውን በጽሑፍ እንዲወስንልህ ማመልከት ትችላለህ። የአሠራር ማብራሪያውንና ፎቶውን አያይዝ።

ዕቃው ገና አልተጫነም ብለሃል። እንግዲያው ዛሬውኑ ላኪው ኢንቮይሱንና ፓኪንግ ሊስቱን እንዲያስተካክል ንገረው። "የመንገድ መብራት፣ ኤልኢዲ፣ ሰሌዳና ባትሪ የተገጠመለት" ብሎ ዋቱንም ጨምሮ ይጻፍ። ጅቡቲ ከደረሰ በኋላ ይህን ማስተካከል ብዙ ያስለፋሃል።