የጣሪያ አንቴና ልትገዙ ላሰባችሁ

የኬብል ሂሳብ ያስመረራችሁ የዋሽንግተንና አካባቢዋ አንባቢዎች ስለ ውጭ አንቴና ጠይቃችሁኛል። የአካባቢውን ጣቢያዎች ያለ ወርሃዊ ክፍያ ማየት ይቻላል። ብቻ ሳይጠይቁ አይግዙ።

ጥያቄ፦ ሳጥኑ ላይ «200 ማይል» የሚል አንቴና አየሁ። ይሻለኛል? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ይተዉት። ምድር ክብ ናት፤ የቴሌቪዥን ሞገድ ደግሞ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ከ60 ወይም 70 ማይል በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ይጋረዳል። «ለ4ኬ የተሠራ» የሚለውም ለገበያ የተጻፈ ነው። የዋሽንግተን ማማዎች ያሉት ቴንሊታውን አካባቢ፣ ከእርስዎ ጥቂት ማይል ወደ ደቡብ ምዕራብ ነው። መካከለኛ አንቴና ይበቃዎታል። ባልቲሞር ግን በተቃራኒው በሰሜን ምሥራቅ ነው። ሁለቱንም ካሉ ሁለተኛ አንቴና ያስፈልግዎ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ቻናል 4 እና 5 ጥርት ብለው ይገባሉ። 7 እና 9 ግን ይቆራረጣሉ፤ አንዳንዴ ጭራሽ ይጠፋሉ። ቴሌቪዥኔ ተበላሽቶ ነው? (ከአሌክሳንድሪያ)

መልስ፦ ቴሌቪዥንዎ ደህና ነው፤ ችግሩ አንቴናው ላይ ነው። ትልልቆቹ የአሜሪካ ጣቢያዎች በሰኔ 2009 ጠቅልለው ወደ ዲጂታል ገቡ። ዛሬ 4 እና 5 ቁጥራቸው የድሮው ይሁን እንጂ የሚሰራጩት በዩኤችኤፍ (UHF)፣ ማለትም ሞገዱ አጠር ባለው የስርጭት ክልል ነው። 7 እና 9 ግን ቪኤችኤፍ (VHF) በሚባለው ሌላ ክልል ላይ ናቸው። የቪኤችኤፍ ሞገድ ረጅም ስለሆነ፣ በደንብ የሚይዘው ዘንግ ከጫፍ እስከ ጫፍ 80 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። መስኮት ላይ የሚለጠፈው ስስ አንቴና ከየት ያምጣው? አንዳንድ የጣሪያ አንቴናዎችም ለዩኤችኤፍ ብቻ የተሠሩ ናቸው። ሱቅ ሲሄዱ ረጃጅም ዘንጎች እንዳሉት በዓይንዎ ይዩ፤ ሳጥኑ ላይም «ሃይ ቪኤችኤፍ» የሚል ይፈልጉ። ከሰቀሉት በኋላ ደግሞ በቴሌቪዥኑ ሜኑ ገብተው ቻናሎቹን እንደ አዲስ ስካን ያድርጉ። ይህን ረስተው ደህናውን አንቴና የሚመልሱ አሉ፤ ያሳዝናል።

ጥያቄ፦ አምፕሊፋየር (ሲግናል ማጉያ) ልጨምርበት?

መልስ፦ ለማማው ቅርብ ከሆኑ አይጨምሩ፤ ሲግናሉ ከልክ አልፎ ይብስበታል። የሚጠቅመው ገመዱ ረጅም ሲሆን ወይም ለብዙ ክፍል ሲከፋፈል ነው። መጀመሪያ አንቴናውን ከፍ አድርገው ይሞክሩት።

ጥያቄ፦ አከራዬ በረንዳ ላይ አንቴና ክልክል ነው አሉኝ።

መልስ፦ በረንዳውን የሚጠቀሙበት እርስዎ ብቻ ከሆኑ መብትዎ ነው። የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ደንብ ከ1999 ጀምሮ ተከራይንም ይጨምራል። የጋራ ጣሪያ ላይ ግን ያለ ፈቃድ መስቀል አይችሉም። ደንቡን ፕሪንት አድርገው በትህትና ያሳዩዋቸው።

ጥያቄ፦ እናቴ አብራኝ ነው የምትኖረው። በዚህ አንቴና የኢትዮጵያ ጣቢያዎች ይገቡላታል?

መልስ፦ አይገቡም። አገር ቤት በዲሽ የሚታየው ኢትዮሳት የሚመጣው 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ፣ ከህንድ ውቅያኖስ በላይ ካለ ሳተላይት ነው። ከሜሪላንድ ሲታሰብ ከአድማስ በታች ስለሆነ ዲሽ ቢተክሉም አያገኙትም። ለእማማ ኢንተርኔት ያስገቡላቸው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ራሱ ካልሰቀልኩት ብሏል። ምን ልበለው?

መልስ፦ ከሁሉም በፊት የመብራት ሽቦ! መሰላሉም ሆነ አንቴናው የሚቆምበት ቱቦ ቢወድቁ እንኳ ሽቦ በማይነኩበት ርቀት ይሁኑ። ብቻውን አይውጣ፤ ጣሪያው እርጥብ ከሆነ ይቆይ። ቱቦውና ገመዱ በመዳብ ሽቦ ከቤቱ ኧርዝ (ወደ መሬት ከሚገባው መስመር) ጋር መያያዝ አለባቸው። ይህን ካልቻለበት ለኤሌክትሪክ ባለሙያ ይስጠው።