አያትሽ በስንተኛው ቃኘው ነበሩ?

ሰላም እህቴ። አያትሽ የክቡር ዘበኛ ወታደር ሆነው ኮሪያ እንደዘመቱ ከእናትሽ ሰምተሻል፤ እጅሽ ላይ ያለው ግን አንድ ፎቶ ብቻ ነው። የአገልግሎት መዝገባቸው የት ይገኛል ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም ለአያቴ ይኼንኑ ስፈልግ ሁለት ዓመት ግድም ስለተንከራተትኩ፣ ያየሁትን ልንገርሽ።

ሰው ሁሉ ፍለጋውን የሚጀምረው በስም ነው። እኔም እንደዚያ ጀምሬ የትም አልደረስኩም። መጀመሪያ መያዝ ያለብሽ ጊዜውን ነው። ምክንያቱም ቃኘው፣ ማለትም ኮሪያ የዘመተው ጦራችን፣ ሲባል አንድ ሻለቃ ብቻ አይደለም። በጦርነቱ ወቅት ሦስት ሻለቆች ተራ በተራ ሄደዋል። የመጀመሪያው፣ ሌተና ኮሎኔል ተሾመ ኢርገቱ ያዘዙት፣ ሚያዝያ 1943 ከአዲስ አበባ ተነስቶ በባቡር ጅቡቲ ወረደ፤ ከዚያ በመርከብ ፑሳን። በ1944 በሌተና ኮሎኔል አስፋው አንዳርጌ የሚመራው ሁለተኛው ተካው። ሦስተኛው በሌተና ኮሎኔል ወልደ ዮሐንስ ሽታ አዛዥነት ሚያዝያ 1945 ደረሰ። ተኩስ የቆመው ሐምሌ 20 ቀን 1945 ነው። ከዚያም በኋላ አራተኛ ሻለቃ ሄዷል። እንግዲህ "ኮሪያ ዘምተዋል" ብቻ ብለሽ ብትጠይቂ ከየትኛው ወረቀት ውስጥ ይፈልጉልሽ? የሁሉም ሰው አያት ደግሞ "ከመጀመሪያዎቹ ጋር" ነው የሄዱት!

እዚህ ላይ የዘመን አቆጣጠሩ ነገር ጉድ ይሠራሻል። እኛ ቤት በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አንድ የእንግሊዝኛ ወረቀት ነበር። 1953 ይላል። አጎቴ በቃ፣ "በ53 ነው የሄደው፣ የታኅሣሥ ግርግር ዓመት" ብሎ ደመደመ። እኔም አምኜው ስንት ወር ባከንኩ። በኋላ ሴት አያቴን ብጠይቃቸው ሳቁብኝ። "በግርግሩማ እዚሁ ነበሩ፤ ሦስት ቀን ቤት ሳይገቡ እኔ እህል አልቀመስኩም" አሉ። ለካ ወረቀቱ ላይ ያለው በፈረንጆች ነው! በእኛ 1945 መሆኑ ነው። ከዚያ የአያቴን ፎቶ ከፍሬሙ አውጥቼ ብገለብጠው በእርሳስ "ጥር 45" ይላል። ጥር ላይ ሦስተኛው ገና አልደረሰም። ስለዚህ አያቴ የሁለተኛው ቃኘው ሰው ናቸው ማለት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እያየኝ ነበር።

እና ቢሮ ለቢሮ ከመዞርሽ በፊት ቤት ውስጥ ያለውን ጨርሺ። የጡረታ ደብተር ካለ ወርቅ ነው፤ የእኛው ላይ የተቀጠሩበት ቀንና የተሰናበቱበት ማዕረግ ሰፍሮ ነበር። ሜዳሊያም ፈልጊ። የተባበሩት መንግሥታት ሜዳሊያ ሰማያዊና ነጭ ሰንጣቂ ሪባን አለው፤ ለእኛ ወታደሮች የተሠራው "ኮሪያ" የሚለው በራሳችን ፊደል የተጻፈበት ነው። አሮጊቶቹን ጠይቂ። በደርግ ጊዜ "የንጉሡ ዘበኛ፣ ኮሚኒስት ሲወጋ የነበረ" መባል ስለሚያስፈራ ስንቱ ንብረቱን ደብቋል። ሴት አያቴ ሜዳሊያውን ትራስ ውስጥ ሰፍተውት ነው የተገኘው።

እዚህ አገር በመዝገብ ቤት በኩል ብዙ ቀንቶኛል አልልሽም። አንድ መሥሪያ ቤት አራት ጊዜ ተመላለስኩ። አንዴ "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው"፣ አንዴ "የመለያ ቁጥር ካላመጣህ አይሆንም"። ቁጥሩንማ ከማህደሩ ላይ ላገኝ ነበር የሄድኩት። ከዚያ ይልቅ አፍንጮ በር፣ የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ጋ ብትሄጂ ይሻላል። በሕይወት ያሉት ዘማቾች ዛሬ ጥቂት ናቸው፣ ሁሉም ከዘጠና ዘለዋል። እኔ ያገኘኋቸው አባት ገና ስሙን ሳልጨርስ "የማን ሻምበል ነው?" አሉኝ። ሻምበል ያሉት ማዕረጉን ሳይሆን በሻለቃው ውስጥ ያለውን አነስተኛ የጦር ክፍል ነው፤ እሱን ካወቅሽ ግማሹን ጨረስሽ።

አሁን ወደ አሜሪካ እንምጣ፣ ምክንያቱም ብዙው ወረቀት እዚያ ነው። ቃኘው የተመደበው በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር፣ 32ኛ ሬጅመንት ሥር ነበር። የእነዚህ ክፍሎች ወርሃዊ የጦር ሜዳ ሪፖርቶች ሜሪላንድ፣ ኮሌጅ ፓርክ በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት አሉ። ሪከርድ ግሩፕ 407 ብለሽ ጠይቂ፤ ሪፖርቶቹ ያሉበት የመዝገብ ክምችት መለያ ነው። ፎቶዎችም እዚያው ናቸው። የአንባቢ መታወቂያው በነፃ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ዘመድ የሌለው አበሻ የለምና አንዱን ላኪው፤ ቅርብ ነው። እኔ የአክስቴን ልጅ ላክሁ፤ በስልኳ እያነሳች በቴሌግራም አዘነበችብኝ። ሴንት ሉዊስ ያለውን የወታደሮች ማህደር ግን ተዪው፣ እሱ የአሜሪካኖቹ ብቻ ነው።

ግን ቁርጡን ልንገርሽ፤ ሪፖርቱ ላይ የአያቴ ስም የለም። ተራ ወታደር ስሙ የሚነሳው ሲቆስል፣ ሲሞት ወይም ሲሸለም ነው። ያገኘሁት ፎቶው በተነሳበት ወር ሻለቃው የትኛው ግንባር ላይ እንደነበረና ማታ ማታ ለቅኝት ሲወጡ ምን እንደገጠማቸው ነው። ለእኔ በቂዬ ነበር፤ አንቺ ምናልባት ሌላ ትጠብቂ ይሆናል። አያትሽ የአሜሪካ ሜዳሊያ ከተሸለሙ ግን ዕድልሽ ሰፊ ነው፤ የሽልማት ትእዛዙ ላይ ስምና ማዕረግ ይጻፋል። ስሙን ስትፈልጊ በአንድ አጻጻፍ አትወሰኚ። ፈረንጅ "ጸጋዬ"ን አንዴ በቲ አንዴ በኤስ ይጀምረዋል፤ "ገብረ" እና "ወልደ"ን ደግሞ ቆርጦ ለብቻ ስም ያደርጋቸዋል። የአባት ስም ቀድሞም ልታገኚው ትችያለሽ።

አንድ ነገር ደግሞ፣ "የዘማች ልጅነት ማስረጃ አውጥቼ ኮሪያ እልክሻለሁ" የሚል ደላላ ከመጣ ሳንቲም እንዳትሰጪው። የኮሪያ መንግሥት ለዘማች ቤተሰብ የትምህርት ዕድል መስጠቱ እውነት ነው፤ በደላላ ግን አይደለም።

እስቲ አሁን ፎቶውን ከፍሬሙ አውጪና ጀርባውን አንስተሽ እዚህ ለጥፊልን። ደረታቸው ወይም ትከሻቸው ላይ ምልክት ካለም ቀረብ አድርገሽ አንሺው፣ አብረን እናየዋለን።