ጠበቃ ከመቅጠራችሁ በፊት

ባሕር ማዶ ያለ የአጥቢያ ታሪክ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። ጸሎቱ በአንድ ሰው ሳሎን ይጀመራል። ከዚያ የፈረንጅ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ በኪራይ ይገኝና እነሱ ሲጨርሱ እኛ እንገባለን። ቀጥሎ ገንዘብ ይዋጣል፣ ሕንፃ ይገዛል፣ እልልታው ይቀልጣል። ጠቡም የሚመጣው ያኔ ነው። ሳሎን ውስጥ ሳለን የምንጣላበት ነገር አልነበረንማ!

በአገልግሎትም በኮሚቴም ብዙ ዓመት ቆይቻለሁና፣ አዲስ ለምትመጡም አጥቢያውን ለሚያስተዳድረው ሰበካ ጉባኤ ለምትመረጡም የምለው ይህን ነው፦ አንድ ማኅበረ ምእመናን ኢየሱስን መከተሉ የሚታወቀው ሲጣላ ነው። ስንዘምርማ ሁላችንም እናምራለን። የማወራው የማውቀውን የኦርቶዶክሱን ቤት ነው፤ ወንጌላውያን ወገኖቻችንም በመጋቢና በሽማግሌዎች መካከል የሚሆነውን ያውቁታል።

ጠቡ እንዲህ ነው የሚያድገው። ሒሳብ ሹሙ ሪፖርት ያዘገያል። ያስተዋለው ሰው እሱኑ እንደ መጠየቅ ለጓደኞቹ ያወራል። ማታ ቴሌግራም ላይ «አንዳንድ ግለሰቦች» የሚል ጽሑፍ ይወጣል፤ ስም አልተጠራም፣ ማን እንደሆነ ያልገባው ግን የለም። ፊርማ ይሰበሰባል። አንደኛው ወገን የበሩን ቁልፍ ይቀይራል፣ ሌላኛው ይከሳል። እናቶች ከጽዳት ሥራ ያጠራቀሙት፣ ታክሲ ነጂው ሌሊቱን ነድቶ ያመጣው ስዕለት ለጠበቃ ይከፈላል። የአሜሪካ ዳኛ ደግሞ በሃይማኖቱ ነገር ውስጥ አይገባም፤ በአብዛኛው የሚመለከተው እንደ መተዳደሪያ ደንቡና እንደ ምዝገባ ወረቀቱ ያለውን ሰነድ ነው። የረታው ሕንፃውን ይዞ ይቀራል፣ የተረታው እዚያው ከተማ ሌላ አዳራሽ ይከራያል፤ ልጆቹ ከሁለቱም ይቀራሉ።

ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 የሰጠው ሥርዓት የዚህ ተቃራኒ ነው። ወንድምህ ቢበድልህ መጀመሪያ ሄደህ ለብቻው ንገረው፤ ካልሰማህ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘህ ተመለስ፤ እነሱንም እምቢ ካለ ያን ጊዜ ለቤተ ክርስቲያን ንገር። እኛ ከመጨረሻው እንጀምራለን። አገር ካወቀው በኋላ ሽማግሌ ብንልክ ምን ዋጋ አለው? በሰው ፊት የተዋረደ ሰው ይቅርታ ቢጠይቅ እንኳ እንደ ሽንፈት ነው የሚቆጥረው። ስለዚህ ነገሩን በደንባችሁ ውስጥ ጻፉት፦ ቅሬታ ያለው ሰው የሚመለከተውን ሰው ለብቻው ሳያነጋግር ሰበካ ጉባኤው አቤቱታውን አይቀበል። ሦስት ሽማግሌዎችንም ሰላም ባለ ጊዜ ምረጡ። ጠቡ ከተነሣ በኋላ ሁሉም የአንዱ ወገን ነው።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ይለያል። ልጅ ወይም ሴት የተደፈረችበት ጉዳይ ወንጀል ነው፣ የሚሄደውም ወደ ፖሊስ ነው። «ገመናችንን አናውጣ» እየተባለ በሽምግልና ሲሸፈን ስላየሁ ነው የማነሣው።

በቅዳሴ ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ»፣ እርስ በርሳችሁ ሰላምታ ተሰጣጡ፣ ሲል ሁላችንም ወደ ግራና ወደ ቀኝ ጎንበስ እንላለን። እጅ የምንነሣው ግን ሁልጊዜ አጠገባችን ላለው ነው። የተቀየምነው ሰው ሆን ብሎ ሌላ ጥግ ቆሟል፤ እኛም ሆን ብለን። መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ታረቅ የተባለው ለዚህ ነበር። በጸሎተ ሐሙስ ካህኑ ጎንበስ ብሎ የምእመኑን እግር ሲያጥብም አስቡት፤ ጌታ ያን ምሽት እግራቸውን ካጠበላቸው አንዱ ይሁዳ ነው፣ ሊያስይዘው የወጣው ከታጠበ በኋላ ነው። እኛ በምርጫ ድምፅ የነፈገንን ሰው ሰላም አንልም።

አይቻልም እንዳትሉኝ። «የአገር ቤቱ» ሲኖዶስ፣ «የስደተኛው» ሲኖዶስ፣ ከሁለቱም ያልሆነ «ገለልተኛው» እየተባባልን ከሃያ ዓመት በላይ ስንለያይ ኖረን፣ በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ዋሽንግተን ዲሲ ላይ ዕርቅ ወርዷል። ሁለት ፓትርያርኮች በአንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አቡነ መርቆሬዎስ በጸሎት፣ አቡነ ማትያስ በአስተዳደር እንዲቀጥሉ ተስማሙ። ለአባቶች የተቻለ ነገር ለአንድ አጥቢያ እንዴት ያቅተዋል?

ሌላው የልጆቻችን ጉዳይ ነው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን በዚህ ዓይን አንብቡት። ግሪክ ተናጋሪዎቹ «መበለቶቻችን በዕለቱ ማዕድ እየተረሱ ነው» ብለው አጉረመረሙ። ሐዋርያት «መጀመሪያ ቋንቋችንን ልመዱ» አላሏቸውም። ሰባት ሰዎች ተመረጡ፣ እስጢፋኖስን ጨምሮ ሁሉም የግሪክ ስም ያላቸው፤ ጭልፋው ቅሬታ ላቀረቡት ወገኖች ተሰጠ ማለት ነው። ከሰባቱ አንዱ ፊልጶስ ነው። በምዕራፍ 8 በጋዛ መንገድ የእኛን ጃንደረባ ያጠመቀው ማዕድ እንዲያገለግል የተመረጠው ይኸው ሰው ነው።

ታዲያ እዚህ ተወልደው አማርኛው የሚያዳግታቸውን ልጆች «ባህላቸውን ረሱ» እያልን ከምንወቅስ፣ ሰበካ ጉባኤው ውስጥ ድምፅ ያለው ወንበር እንስጣቸው። አንድ ወንበር ለስም ነው፤ ሁለት ይሁን። ካሜራና ሳውንድ ሲስተም ብቻ አታስይዟቸው፤ በጀቱንም ያንብቡት፣ ይጠይቁበት፣ በእንግሊዝኛ ቢጠይቁም መልስ ስጧቸው።